ቀብዱን ከመላክህ በፊት

አንድ ቨርጂኒያ የሚኖር ወጣት «ጋሼ፣ ሻጩ መኪናዋ እውነተኛ የ1990 ስካይላይን ጂቲ-አር ኒስሞ ናት ብሎ የፋብሪካውን ፕሌት በፎቶ ላከልኝ፤ ቀብድ ልላክ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ከጃፓን በሚመጡ መኪኖች ኪስ ውስጥ የነበሩ የጥገና ደብተሮችና የምርመራ ወረቀቶች «ጃፓንኛ ማን ያነባል» እየተባለ ስንቱ ቆሻሻ ውስጥ ገባ! ያ ደብተር ቢኖር የዚህ ልጅ ጥያቄ ግማሹ ወዲያው ይመለስ ነበር። አሁን ግን ብረቱንና ቁጥሩን ማናገር ግድ ሆኗል። መልሱን ለእሱ ብቻ ከምልክ ለሁላችሁም ይድረስ።

ኒስሞ የኒሳን የውድድር ክፍል ስም ነው፤ እዚህ ግን በስሙ የተጠራውን ልዩ ጂቲ-አር ማለቴ ነው። ይህ መኪና ለምን እንደተሠራ ያላወቀ ሰው ሐሰተኛውን አይለይም። ግሩፕ ኤ በሚባለው፣ ለገበያ ከተሠሩ ሞዴሎች በተዘጋጁ መኪኖች በሚካሄደው ውድድር፣ የተሻሻለ ሞዴል ለማሰለፍ 500 መኪና መሠራት ነበረበት። ኒሳን በ1990 560 ሠራ፤ 500ውን ለሕዝብ ሸጦ 60ውን ለውድድር አስቀረ። ልፋቱ ከንቱ አልቀረም፤ ጂቲ-አር ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የቱሪንግ ሻምፒዮና የተካሄዱትን 29 ውድድሮች አንድ ሳያስቀር አሸነፈ። እያንዳንዱ ለውጥ የመጣው ከዚያ ዓላማ ነው። የመደበኛው መኪና ቱርቦዎች ተርባይናቸው ሴራሚክ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይነሣል፣ ግፊት ሲበዛበት ግን ይሰበራል። ስለዚህ በብረት ተተካ። ኤቢኤሱና የኋላ መስታወት መጥረጊያው ወጡ። የፊት ባምፐሩ ሁለት ተጨማሪ የአየር ቀዳዳ አገኘ፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ቀጭን ጠርዝ ተጨመረ፣ ከኋላም ሁለተኛ ትንሽ ክንፍ መጣ። ክብደቱ ከ1430 ወደ 1400 ኪሎ ወረደ። ቀለሙ አንድ ብቻ ነው፤ ኮዱ ኬኤች2 የሆነ ጥቁር ግራጫ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኬኤች2 አር32 በሚባለው የዚያ ትውልድ መደበኛ ጂቲ-አርም ላይ በብዛት የተቀባ ቀለም ነው። ባምፐሩም፣ ክንፉም፣ ስቲከሩም ተገዝተው የሚገጠሙ ናቸው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ኩባንያው ኒስሞ ራሱ ለአር32 ዕቃዎችን እንደገና እያመረተ ይሸጣል። ስለዚህ መልክ ምንም አይመሰክርም። የዛሬ ልጆች ግን መኪና የምትመርጡት በፎቶ ነው፤ ጎማውን አጉልታችሁ ታያላችሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ሳትጠይቁ ዋጋ ትከራከራላችሁ።

የጃፓን የአገር ውስጥ መኪና አሜሪካ እንደለመደው 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር የለውም። ያለው አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው፦ ቢኤንአር32፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ስድስት አኃዝ። የኒስሞዎቹ ስድስት አኃዝ በ100 ይጀምራል። በ0፣ በ2 ወይም በ3 የሚጀምር ቁጥር ይዞ «ኒስሞ ነኝ» የሚል መኪና ካጋጠማችሁ ወሬውን እዚያው ጨርሱ። ቁጥሩ ከተስማማ ደግሞ የኒሳንን የዕቃ ካታሎግ የሚከፍት ሰው ፈልጋችሁ አስገቡት፤ የተመረተበትን ወር፣ የቀለሙን ኮድ፣ የውስጡን ዓይነት ያወጣል። እነዚህ በፕሌቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራሉ። ፕሌቱ ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። በሪቬት የተያዘ ስስ ብረት ነው፤ ተመሳሳዩ ተሠርቶ ይሸጣል።

ዋናው ቁጥር ሞተር ክፍሉን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ የተመታው ነው። በጥሩ መብራትና በማጉያ መነጽር እዩት። አኃዞቹ ጥልቀታቸውና ክፍተታቸው እኩል ይሁን፣ ዙሪያው የሞረድ ጭረት አይኑረው። ተጋጭቶ የተጣለ ኒስሞ ቁጥሩ ያለበት ላሜራ ተቆርጦ በሌላ አካል ላይ ሊበየድ ይችላል። ብየዳው ከፊት በስቱኮና በቀለም ይሸፈናል፣ ከጀርባ ግን ማስተካከል ያስቸግራል። ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ስር ገብታችሁ የላሜራውን ጀርባ በእጃችሁ ዳብሱ። የቀለም ውፍረት መለኪያም ያዙ፤ የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፣ ከ300 በላይ ካሳየ ስር የተደበቀ ነገር አለ። ቀጥሎ የኤቢኤስ ዕቃ መያዣና ሽቦ፣ የመጥረጊያው ሞተር ሽቦ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ዕቃውን መንቀል ቀላል ነው፤ ሽቦውን ግን ሰነፍ አጭበርባሪ ይተወዋል።

ብረትን እመኑ አልኩ፤ ግን ብረትም ይዋሻልና ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ከጃፓን የወጣ መኪና የኤክስፖርት ሰርተፊኬት አለው። እዚያ ላይ ክብደቱን አንብቡ፦ 1400 ወይስ 1430? ብዙ ሰው የሚያልፈው መስመር ይህ ነው። ከሞዴሉ ኮድ ቀጥሎ «ካይ» የሚባል የጃፓን ምልክት ከተጨመረ መኪናው መዋቅሩ ተለውጦ ተመዝግቧል ማለት ነው፤ ያኔ ክብደቱም ሊለወጥ ይችላል። ሰርተፊኬቱ የሞተሩን ዓይነት እንጂ የሞተሩን ቁጥር አይጽፍም። በኛ ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ማየት የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ ሞተሩ በሌላ ቢተካ ወረቀቱ አይናገርም። ተርባይኑ የብረት መሆኑንም ወረቀት አይነግራችሁም፤ ቧንቧ አስፈትቶ ማየት ነው። የተለወጠ ሞተር መኪናውን ሐሰተኛ አያደርገውም፣ ዋጋውን ግን በጣም ያወርደዋል።

በሰርተፊኬቱ ላይ ዓመቱ በጃፓን ዘመን ይጻፋል፤ ሄይሴይ በሚባለው ዘመን ቁጥር ላይ 1988 ደምሩ፣ ሄይሴይ 2 1990 ይሆናል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር ላደገ ሐበሻ ይህ ቀላል ነው። የተጻፈው ግን መጀመሪያ የተመዘገበበት ወር እንጂ የተመረተበት አይደለም። ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ሲሞላው እንዲገባ የሚፈቅደው የአሜሪካ ደንብ የሚቆጥረው ከተመረተበት ወር ነው። ለ1990 መኪና ይህ አያሳስብም፤ ከአር32 በኋላ የመጣውን አር34 ለምትፈልጉ ግን «ሞዴሉ ደርሷል» የሚል ሻጭ ወሩን ከካታሎጉ ያሳያችሁ።

ኪሎሜትርን በተመለከተ የጃፓን የምርመራ ወረቀት ንባቡን መመዝገብ የጀመረው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ያለው የመኪናው የ14 ዓመት ዕድሜ በደብተሩ ካልተደገፈ የሻጭ ቃል ነው። በዚያ ላይ እስከ 180 ብቻ የሚያሳየውን የፍጥነት ሰዓት በኒስሞ ሰዓት መለወጥ የተለመደ ነበር፤ ሰዓቱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይሄዳል። አዲስ አበባ ቪትዝ የሚገዛ ሰው መሪዋ ዱባይ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ እንደሆነ ዳሽቦርዱን እንደሚበረብር፣ እናንተም የዳሽቦርዱ ብሎኖች ተነክተው እንደሆነ እዩ።

በጃፓን የመኪና ጨረታ ላይ የመኪናው ሁኔታና ደረጃ የሚጻፍበትን ወረቀት ከሻጭ አትቀበሉ፤ በሻንሲ ቁጥሩ ራሳችሁ አስወጡ። «አር» ወይም «አርኤ» የሚል ደረጃ ካለ የተጠገነው ዋናው አካል ነው፣ ማለትም ምሰሶ፣ ወለል ወይም የውስጥ ላሜራ። በብሎን የሚታሰር በር ወይም ኮፈን መለወጡ በዚህ አይቆጠርም።

እንግዲህ ለጠየቀኝ ልጅ፦ የተመታውን ቁጥር፣ የኤክስፖርት ሰርተፊኬቱን ሁለት ገጽታና የዳሽቦርዱን ስር ፎቶ ጠይቅ። መኪናዋ አሜሪካ ገብታ ከሆነ ደግሞ የጉምሩኩን 7501 ቅጽ፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ኤችኤስ-7ና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን (ኢፒኤ) 3520-1 ኮፒ ጨምር። በአራቱም ወረቀት ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ሻጩ ቁጥሩን በጣቱ ሸፍኖ ፎቶ ከላከ ቀብድ የለም። ከገዛህ ደግሞ ጃፓንኛውን ደብተር እባክህ አትጣል።