ሒሳብ ተምሬ ምን ልሁን?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ትልልቅ ቁጥሮች ብቸኛ (ፕራይም፣ ማለትም ለ1ና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ) መሆን አለመሆናቸውን ስፈትሽ ሰዓቱ መሄዱም አይታወቀኝም። ቤተሰቦቼ ግን ‹ከአስተማሪነት ሌላ ምን እንጀራ አለው?› ይሉኛል። ዲፓርትመንት ልቀይር?»

እህቴ፣ አትቀይሪ። ለምን እንደምልሽ በአንድ ቁጥር ላሳይሽ፦ 2,147,483,647።

31 ሁለቶችን አባዝተሽ ከውጤቱ 1 ብትቀንሺ ይህን ታገኛለሽ። ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በ1772 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፤ ያኔ ዓይኑ ማየት ተስኖት ነበር። ዝም ብሎ የሚሞክር ሰው ቁጥሩን እስከ 46,340 (እስከ ካሬ ሥሩ) ላሉት ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ማካፈል አለበት፤ ከ4,700 ይበልጣሉ። ኦይለር ግን ይህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ራሱ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት ያውቅ ነበር። በዚህ ብቻ የሚሞከሩት ከ400 በታች ወረዱ። አንቺ የምትወጂው ሥራ ይኸው ነው፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሳይሞክሩ ብዙውን ድካም መቀነስ።

አሁን ወደ እንጀራው። ይኸው ቁጥር ኮምፒውተር በ32 ቢት (በ32 የ0ና የ1 ቦታዎች) የሚያስቀምጠው ባለምልክት፣ ማለትም ኔጌቲቭም መሆን የሚችል፣ ሙሉ ቁጥር ጣሪያ ነው። ገንዘብን በሳንቲም እየቆጠረ በዚህ መጠን የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ከ21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም በላይ መያዝ አይችልም። ጊዜም እንዲሁ ነው። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራሉ። ቆጠራው ጣሪያውን የሚነካው በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት ማለዳ! ያልተስተካከለ ማሽን በቀጣዩ ሰከንድ ቆጠራው ወደ ኔጌቲቭ ስለሚገለበጥ ወደ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ አፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። የ15 ዓመት ብድር የሚያሰላ ባንክ ደግሞ ያን ቀን ዛሬውኑ ይሻገረዋል። ይህን ቀድሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የቤተሰቦችሽ ስጋት ግን ባዶ አይደለም። «ቁጥር የምትወድ ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። የሚወጣው ሶፍትዌር፣ ዳታ፣ ሳይበር ደህንነት እያለ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ፤ ቀጥሎ ሲ (C) የሚባለውን፣ ምክንያቱም ጣሪያው ሲፈርስ በዓይንሽ የምታዪው እዚያ ነው። ነምበር ቲዎሪና አልጀብራን እንደ ምርጫ ኮርስ ካገኘሽ እንዳያመልጡሽ፤ የመረጃ ምስጠራ የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ካሰብሽ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት (ኤይምስ) በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋልና በሌሎችም አገሮች ያስተምራል፤ ስኮላርሺፕም ይሰጣል። አስተማሪነትንም ቢሆን ከዝርዝርሽ አታውጪው። እኔ ራሴ ሒሳብን የወደድኩት በአንድ መምህሬ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ሥራሽ ይህ ይሁን፦ የኦይለርን ፍተሻ በፓይተን ጻፊው። በሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ሲሞከርና በተመረጡት ብቻ ሲሞከር የሚወስደውን ጊዜ ለክተሽ አወዳድሪ። ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር ጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ጫኚው፤ ሊንኩን ሲቪሽ ላይ ከስምሽ ሥር አድርጊው። ከዚያ ለአባትሽ የጥምቀቱን ማለዳ ነገር ንገሪያቸው።