ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ሜታል ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች አሠራር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከጀማሪም ልምድ ካለውም የመጡ ስለሆኑ ደረጃቸው ይለያያል። ሙቀቱ ሁሉ በሴንቲግሬድ ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፦ እዚህ ሥራ ላይ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከውሃ ነው። መግባት በሌለበት ሰዓት ይገባል፣ መውጣት ሲኖርበት ይቀራል። መልሶቹ ደጋግመው ወደዚያው ቢመለሱ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ ገና መጀመሬ ነው። ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ከዚንክ ኦክሳይድና ከቲን ኦክሳይድ በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ የሚወስነው የሚሠሩት ሴል ነው፤ ኦክሳይዱ በሴሉ ውስጥ ኤሌክትሮን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ሽፋን ነው። ብርሃን በሚውጥ ቀለም ለሚሠራው ሴል ኦሬጋንና ግሬትዘል በ1991 እ.ኤ.አ. ካሳዩት ጊዜ ጀምሮ ቦታውን የያዘው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ብዙ ቀለም ይሸከማል። ለኦርጋኒክ ሴል ዚንክ ኦክሳይድ ይመቻል፤ በ200 ዲግሪና ከዚያ በታች ይሠራል፣ ኤሌክትሮንም በውስጡ ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይሄዳል። ለፔሮቭስካይት፣ ማለትም ብርሃን ዋጩ እንደ ሜቲልአሞኒየም ሊድ አዮዳይድ ያለ ክሪስታል ለሆነው ሴል፣ የእኔ ምርጫ ቲን ኦክሳይድ ነው። የኃይል ክፍተቱ (ብርሃን ለመዋጥ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ኃይል) 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሆነ አልትራቫዮሌትን እንደ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አይውጥም፣ ሙቀቱም 180 ዲግሪ ይበቃዋል።

ዚንክ ኦክሳይድን ከፔሮቭስካይት ሥር አያድርጉ። ገጹ የቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ጠባይ አለው፣ ሃይድሮክሳይድም አይጠፋበትም፤ ሜቲልአሞኒየሙን ፕሮቶን ይነጥቀዋል። ጥቁሩ የፔሮቭስካይት ሽፋን 100 ዲግሪ ላይ ሲሞቅ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጫ ሲሆን ያያሉ፤ ያ ቢጫ ሊድ አዮዳይድ ነው። እጅ ለማፍታታት ብቻ ከሆነ ግን ከዚንክ ኦክሳይድ የሚቀል የለም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የዚንክ ኦክሳይዱን የሶል ጄል አሠራር (ከፈሳሽ ተነስቶ በማድረቅና በማጋል ኦክሳይድ የሚገኝበትን) ከነመጠኑ ይንገሩን።

መልስ፦ 1 ግራም ዚንክ አሴቴት ዳይሃይድሬት፣ 0.28 ግራም ኤታኖልአሚን፣ 10 ሚሊሊትር 2 ሜቶክሲኢታኖል። ዚንኩና አሚኑ በሞል እኩል ለእኩል ናቸው፤ ሁለቱም 4.6 ሚሊሞል ያህል። አሚኑ ከሌለ ጨዉ (ዚንክ አሴቴቱ) በደንብ አይሟሟም፣ ቢሟሟም ሲደርቅ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ሌሊቱን ያማስሉት። ጠዋት እንደ ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት። በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፈው በደቂቃ 4000 ዙር ለ40 ሰከንድ ያሽከርክሩ፤ ከዚያ በአየር ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት። ከ30 እስከ 40 ናኖሜትር ሽፋን ይወጣል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። በሙቀቱ ጊዜ የክፍሉ እርጥበት ትንሽ ያስፈልጋል፤ አሴቴቱ ወደ ኦክሳይድ የሚለወጠው በውሃ እርዳታ ነውና በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ማጋል ያጓትተዋል። ሌላው አሟሚው ነው። 2 ሜቶክሲኢታኖል በቆዳ በኩል ይገባል፣ ደምንና የመራቢያ አካልን ይጎዳል። ፊውም ሁድ (ጭስ መሳቢያ ሳጥን) ውስጥ ብቻ ይሠራበታል፤ ጓንቱ ከረጠበ ወዲያው ይለወጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ባትነካው ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ሽፋን ሳይሆን ቅንጣቱን ራሱን ነው የምፈልገው። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሞክሬ ነበር፤ ካጠብኩት በኋላ ግን አልበተን አለኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥፋቱ ምናልባት ማጠቡ ላይ ነው። አሠራሩን ከሥሩ ላስቀምጠው፦ 2.95 ግራም ዚንክ አሴቴት ዳይሃይድሬት በ125 ሚሊሊትር ሜታኖል ውስጥ 65 ዲግሪ ላይ ይሟሟል። 1.48 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ለብቻው በ65 ሚሊሊትር ሜታኖል ይሟሟና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይገባል። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ይጠራል፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ እንደገና ነጭ ሆኖ መዝቀጥ ይጀምራል። በጠቅላላው 2 ሰዓት ተኩል ያማስሉ። 5 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ክብ ቅንጣት ይገኛል።

ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከመቶ 13 እስከ 15 ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚሸጠው። ከላይ ያለው ክብደት ይህንን አስቦ የተሰላ ነው፤ ንጹህ ነው ብለው ካሰሉ ቤዙ ያንስብዎታል። ቤዙ ከበዛ ደግሞ ቅንጣቱ ላይ የነበረው አሴቴት ይገፈፋል።

ወደ ማጠቡ ስንመጣ፣ ቅንጣቶቹን ርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያራርቃቸው ገጻቸው ላይ የቀረው አሴቴት ነው። በሜታኖል ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ አምስት ጊዜ ያጠበ ሰው ንጹህ ጭቃ ያገኛል። እንዲደርቅም አይተዉት። ከሴንትሪፊውጅ እንደወጣ እርጥቡን ዝቃጭ በክሎሮፎርምና በጥቂት ሜታኖል ይበትኑት። በደንብ ከተበተነ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናል። ወተት ከመሰለ ተጣብቋል ማለት ነው፤ አልትራሶኒክ ለጊዜው ያታልልዎታል እንጂ በማግስቱ ከጠርሙሱ ሥር ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የቲታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ ጠርሙሴ አፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ቅርፊቱ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ የተሠራ ቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። ሥር ያለው ፈሳሽ ጥርት ያለ ከሆነ በደረቅ መርፌ ከመሐል ይቅዱ፤ ከደፈረሰ ይጣል። ሁሌም ቢሆን የሚገናኘው ፒፔትና ቢከር በ100 ዲግሪ ደርቆ የቀዘቀዘ ይሁን።

ጥያቄ፦ በሃይድሮተርማል ዘዴ (ኦቶክሌቭ በሚባል ዝግ ዕቃ ውስጥ ውሃን በግፊት በማሞቅ) 20 ናኖሜትር አናቴዝ (አንዱን የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ዓይነት) መሥራት እፈልጋለሁ። አሠራሩ 250 ዲግሪ ይላል፤ የእኔ ኦቶክሌቭ ውስጡ ቴፍሎን ነው።

መልስ፦ እንዳይሞክሩት! ቴፍሎን ከ220 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል፣ ክዳኑ ያፈሳል፣ ግፊቱም አደገኛ ነው። 250 ዲግሪ የሚፈልግ ሥራ በቲታኒየም ኦቶክሌቭ ይሠራል። በእርስዎ ዕቃ 200 ዲግሪ ላይ 12 ሰዓት ያቆዩት፤ ቅንጣቱ አነስ ይላል እንጂ አናቴዝ ነው። ከዕቃው ሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ። ሳይቀዘቅዝ መክፈት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው።

ሶሉ፣ ማለትም ኦቶክሌቭ ውስጥ የሚገባው የቅንጣት ፈሳሽ፣ የሚዘጋጀው እንዲህ ነው። 58.6 ግራም ቲታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ ላይ 12 ግራም አሴቲክ አሲድ ጨምረው 15 ደቂቃ ያማስሉ። አሲዱ ቲታኒየሙን ይይዘውና ከውሃ ጋር የሚያደርገውን ሩጫ ያዘገየዋል። ከዚያ ድብልቁን በኃይል እየተማሰለ ባለ 290 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይገልብጡት። ብዙ ሰው ጠብ ጠብ ማድረግ ጥንቃቄ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን ይጎዳል፤ የመጀመሪያው ጠብታና የመጨረሻው የሚያድጉት በተለያየ ሁኔታ ስለሆነ መጠናቸው ይዘበራረቃል። ነጩ ዝቃጭ 1 ሰዓት ይማሰል፣ 4 ሚሊሊትር 65 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ይግባበት፣ ቀስ ብሎ ወደ 80 ዲግሪ ወጥቶ 75 ደቂቃ ይቆይ። አሲዱ ለቅንጣቶቹ ቻርጅ ሰጥቷቸው ይገፋፋሉ፤ ጭቃው ወደ ሰማያዊ ወደሚያደላ ፈሳሽ ይለወጣል። ይህ ለውጥ ካልታየ ኦቶክሌቭ ውስጥ መክተቱ ከንቱ ነው፣ የሚወጣው ጓል ነው።

ፔስት (መስታወት ላይ የሚቀባ ሊጥ መሰል ነገር) ለማድረግ ውሃውን በሴንትሪፊውጅ በኤታኖል ሦስት ጊዜ ይለውጡ። አሁንም እንዳይደርቅ። ከዚያ ከመቶ 18 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ 9 ኤቲል ሴሉሎዝ፣ 73 ተርፒኒዮል እንዲሆን አዋህደው ኤታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር ያስወጡ።

ጥያቄ፦ ፔስቱን ቀብቼ 500 ዲግሪ ላይ ቀጥታ ሳስገባው ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም እንደ ቅርፊት ይነሳል።

መልስ፦ ሴሉሎዙ በድንገት ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ነው የሚያነሳው። መጀመሪያ 125 ዲግሪ ላይ 6 ደቂቃ ያድርቁ፤ ቀጥሎ በደረጃ፦ 325 ላይ 5 ደቂቃ፣ 375 ላይ 5፣ 450 ላይ 15፣ 500 ላይ 15። አየር ይግባ። ሽፋኑ ቡናማ ሆኖ ከቀረ ካርቦን አልወጣም። ሲቀዘቅዝም ምድጃውን ዘግተው በራሱ ጊዜ ይውረድ።

የሶል ጄል ሽፋን ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መስታወቱ ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ወፍራም ከሆነ ይቀደዳል። በአንድ ጊዜ አያወፍሩ። ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ ይደርቡ፣ በየመሐሉ 125 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ ያድርቁ።

መስታወቱንም ይመልከቱ። አይቲኦ (ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተቀባ አስተላላፊ መስታወት) ከ350 ዲግሪ በላይ በአየር ውስጥ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ለ500 ዲግሪ ኤፍቲኦ (ፍሎሪን የገባበት ቲን ኦክሳይድ የተቀባው) ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በቲታኒየም ቴትራክሎራይድ መንከሩ ግዴታ ነው? በጣም ይጨሳል።

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፤ በቀለም ሴል ግን የሚያመጣው ልዩነት በግልጽ ይታያል፤ የቅንጣቶቹን አንገት ያወፍራል፣ የታችኛውንም ገጽ ይሸፍናል። 40 ሚሊሞላር፣ 70 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ፤ በውሃና በኤታኖል ይታጠብና እንደገና 500 ላይ 30 ደቂቃ ይጋል። የሚጨሰው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ነው። በረዶ ባለበት ውሃ ላይ ክሎራይዱን ጠብ ጠብ አድርገው 2 ሞላር ያዘጋጁ፣ ከዚያ ያቅጥኑት። ውሃውን ክሎራይዱ ላይ ማፍሰስ በፍጹም አይሆንም። ያቀጠኑት በዚያው ቀን ተሠርቶበት ይለቅ፤ ያደረ ይደፈርሳል፣ የደፈረሰውም ቅንጣቱን ከገጹ ላይ ሳይሆን ከፈሳሹ ውስጥ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ለፔሮቭስካይት የቲን ኦክሳይድ ሽፋን ቀላሉ መንገድ የቱ ነው?

መልስ፦ 226 ሚሊግራም ቲን ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በ10 ሚሊሊትር ደረቅ ኤታኖል፤ 0.1 ሞላር ይሆናል። በደቂቃ 3000 ዙር ለ30 ሰከንድ፣ ከዚያ 180 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት። ጨው አሮጌ ከሆነ ኤታኖል ውስጥ ነጭ ደመና ይሠራል፤ አዲስ ጠርሙስ ይክፈቱ።

ጥሩ ውጤት ለሚፈልግ በኬሚካል መታጠቢያ የሚያድገው ይበልጣል። በ400 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ 5 ግራም ዩሪያ፣ 5 ሚሊሊትር 37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 100 ማይክሮሊትር ሜርካፕቶአሴቲክ አሲድ፣ ከዚያ 1.08 ግራም ቲን ክሎራይድ ዳይሃይድሬት። ይህ 0.012 ሞላር ነው፤ ስድስት እጥፍ አቅጥነው መስታወቱን 70 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት ይንከሩ፣ ታጥቦ 180 ላይ 1 ሰዓት። ዩሪያው ሲሞቅ ቤዝ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ቲኑ ያለጊዜው እንዳይዘቅጥ ያግዳል። መስታወቱ ከመነከሩ በፊት 15 ደቂቃ በአልትራቫዮሌትና ኦዞን ካልጸዳ ሽፋኑ ደሴት ደሴት ይሠራል። ሜርካፕቶአሴቲክ አሲዱ ክፉኛ ይሸታል፣ ቆዳም ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ የዚንክ ኦክሳይድ ዘንጎቼ ላይ ነጭ ብናኝ ይቀመጥባቸዋል።

መልስ፦ መስታወቱን ዘር (ዘንጎቹ የሚበቅሉበት ስስ የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን) የተቀባው ፊቱ ወደ ታች እንዲዞር አዘንብለው ያስቀምጡት። ብናኙ ፈሳሹ ውስጥ ተወልዶ የሚወርደው ነው። ለ100 ሚሊሊትር 0.744 ግራም ዚንክ ናይትሬት ሄክሳሃይድሬትና 0.350 ግራም ሄክሳሚን፤ ሁለቱም 25 ሚሊሞላር፣ 90 ዲግሪ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ረጅም ዘንግ ከፈለጉ ጊዜውን ከማራዘም ፈሳሹን በአዲስ ይለውጡ፣ ዚንኩ ያልቃልና።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የለኝም። መጠኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን። ኮፐር ኤክስሬይ ከሆነ አናቴዝ በ25.3 ዲግሪ ማዕዘን፣ ሩታይል (ሌላው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል) በ27.4 ዲግሪ ማዕዘን ላይ ጉልህ መስመር ይሰጣሉ። የሼረር ቀመር እንዲህ ነው፦ 0.9 በሞገድ ርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለመስመሩ ስፋትና ለግማሹ ማዕዘን ኮሳይን ብዜት ይካፈላል። የመስመሩ ስፋት ከፍታው እኩሌታ ላይ 0.5 ዲግሪ ነው እንበል፤ በራዲያን 0.00873። የሞገዱ ርዝመት 0.15406 ናኖሜትር፣ የ12.65 ዲግሪ ኮሳይን 0.976። ውጤቱ 16.3 ናኖሜትር። ዲግሪውን ወደ ራዲያን ሳይለውጡ የሚያሰሉ ብዙ ናቸው፤ 0.28 ናኖሜትር ካገኙ እዚያ ላይ ነው የሳቱት። የማሽኑንም የራሱን ስፋት ይቀንሱ። ደግሞ ይህ የክሪስታሉ መጠን ነው፤ የተጣበቀ ጓል ቢሆንም ቁጥሩ ያው ይወጣል፣ ስለዚህ ከመበተኑ ሁኔታ ጋር አያምታቱት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በትክክል ሠርቼ የኦርጋኒክ ሴሌ የጅረትና ቮልቴጅ ግራፍ እንደ ኤስ ይጠማዘዛል።

መልስ፦ ኦክሳይዱ ዚንክ ወይም ቲታኒየም ከሆነ ሴሉን አልትራቫዮሌት ባለበት ብርሃን ሥር 10 ደቂቃ ያቆዩትና እንደገና ይለኩት። ጥምዘዛው ከጠፋ ገጹ ላይ የተለጠፈ ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ብርሃኑ ያስለቅቀዋል። ካልጠፋ የማጋያውን ሙቀት ይፈትሹ፤ ያልተቃጠለ አሚን ወይም አሴቴት ቀርቶ ይሆናል። የሆት ፕሌቱን መስኮት ቁጥር አይመኑ፣ መስታወቱ ላይ ቴርሞካፕል ለጥፈው ይለኩ፤ በሁለቱ መካከል 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። ግራፉ ሳይጠማዘዝ በዜሮ ቮልት አጠገብ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ግን ችግሩ ሽፋኑ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ ማጣሪያውንና የመስታወቱን ጽዳት ይዩ።