ውኃው የት ድረስ ይመጣል?

ሰሞኑን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ቡና ጋበዙኝ። የአካባቢ ሳይንስና የውኃ ምህንድስና የተማሩ ናቸው። «ጋሼ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ሥራ ላይ ለመግባት ምን ብንጨምር ይሻላል? ጂአይኤስ? ሪሞት ሴንሲንግ?» አሉኝ። አንዱ በኮምፒውተር ካርታ መሥራት፣ ሌላው በሳተላይት ምስል መሬትን ማጥናት ነው። ሁለቱንም ተማሩ አልኳቸው። ከዚያ ያልጠየቁኝን ማውራት ጀመርኩ። ሽማግሌን ቡና መጋበዝ ጣጣው ይኸው ነው። ያወራኋቸውን ለእናንተም ልጻፈው።

ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት በኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ ማንግሮቭ በሚባል ዛፍ መሐል ነው። ባሕር የሌለው አገር ልጅ እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ አትበሉኝ፤ እንጀራ ነው የወሰደኝ። ማንግሮቭ ጨው ውኃ ውስጥ ይበቅላል። ባሕሩ ሲሞላ እስከ ወገቡ ይዋጣል። ሲጎድል ጭቃው ላይ በሥሮቹ ተንፈራጦ ይቆማል። አንዳንዱ ዓይነት ችግኝ ማፍላት እንኳ አያስፈልገውም። ፍሬው ገና ከእናቱ ሳይወርድ ይበቅልና እንደ ረጅም ፎሶሊያ ይንጠለጠላል። ለቅሞ ጭቃ ላይ መሰካት ነው።

እኛም ሰካን። ሰፊና ባዶ ጭቃ አገኘንና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞላነው። ፎቶ ተነሣን፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ ገንዘብ የሰጡን ሰዎች ደስ አላቸው። በስድስተኛው ወር ስንመለስ በሕይወት ያለ አንድም አልነበረም። የቀሩት ደረቅ እንጨቶች ላይ እጅ የሚቆርጡ ጥቃቅን ዛጎሎች ተለጥፈዋል። የጀልባችን ሰው ሳቀ።

«እዚህማ ውኃው ቶሎ አይሸሽም» አለ።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ያ ጭቃ ባዶ የሆነው ሰው ስላልተከለበት አልነበረም። ለዛፉ ስለማይስማማው ነው። ማንግሮቭ ውኃ ይወዳል፤ ግን ከሲሶው ጊዜ በላይ ውኃ ውስጥ ከቆየ ይታፈናል። በሚጸድቅበትና በሚሞትበት ቦታ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንዳንዴ አንድ ክንድ አይሞላም።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አፍሬ ዝም እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ከደረሰው ሱናሚ በኋላ ስሪላንካ ውስጥ ከ1,000 ሄክታር በላይ ማንግሮቭ ተተከለ። ቆይተው ተመራማሪዎች 23 ቦታዎችን ሲፈትሹ የተሳካው አንድ አምስተኛ ያህሉ ነው። በ9ኙ ቦታዎች ላይ አንድም አልተረፈም። አማርኛችን መትከልን ከመጽደቅ ለይቶ ያውቃል። ሪፖርቶቻችን ግን የሚያውቁት መትከልን ብቻ ነው። አገራችንም በየክረምቱ የተተከለው ቁጥር ይነገረናል። በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ የጸደቀውን የሚቆጥር ሥራ ብታገኙ ያዙት። ዝና የለውም፤ ግን ትልቅ ሥራ ነው።

«ለምን እዚህ አልበቀለም?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አለ፤ ጎርደን ሳቶ። ጃፓናዊ አሜሪካዊ የሕዋስ ተመራማሪ ነበር። ልጅ እያለ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማንዛናር በተባለ ካምፕ ከቤተሰቡ ጋር ታግቷል። በኋላ ኤርትራ ውስጥ፣ ምጽዋ አጠገብ ባለችው ሕርጊጎ የጀመረውን ሥራ በዚያው ካምፕ ስም ጠራው። የዚያ ጠረፍ አብዛኛው ባዶ ነው። ማንግሮቭ የሚታየው ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ ወደ ባሕሩ በሚገባባቸው ቦታዎች ነው። እኔ ብሆን ዛፉ የፈለገው ጨው የሌለውን ውኃ ነው ብዬ እደመድም ነበር። ሳቶ ግን የጎርፉ ጥቅም ይዞት የሚወርደው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አለ። ማዳበሪያውን በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ፣ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ከብረት ቁራጭ ጋር ችግኙ ሥር ቀበረው። ጸደቀ። ቅጠሉም ለፍየሎች መኖ ሆነ። በባሕሩ ጠረፍ ፕላስቲክ መቅበሩ እስካሁን አይዋጥልኝም። ጥያቄው ግን ድንቅ ነው።

መሐንዲስ የሆናችሁ አሁን እኔን መታገሥ አለባችሁ። 100 ሜትር ስፋት ያለው ማንግሮቭ የማዕበልን ቁመት ከ13 እስከ 66 በመቶ ይቀንሳል ይባላል። እንዲህ የተለጠጠ ቁጥር እንደማትወዱ አውቃለሁ። ማዕበሉን ለማገድ የሚሠራ ግንብ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ግን ባሕሩ በዓመት 4 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ሲል ግንቡ አብሮት አያድግም። ማንግሮቭ በሥሮቹ ደለል እየያዘ የቆመበትን መሬት ከፍ ያደርጋል። ባሕሩ ከቀደመው ደግሞ ዘሩ ከኋላው ባለው መሬት ላይ እየበቀለ ጫካው ወደ ውስጥ ይሸሻል። ከኋላው መንገድ ወይም ሆቴል ከተሠራ ግን መሸሻ የለውም። በገባሁባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ስለ ዛፉ ይወራል። ከኋላ ስላለው ባዶ መሬት፣ የማን እንደሆነና ነገ ምን ሊሠራበት እንደታሰበ፣ የሚያነሣ አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። ጠቡ ያለው ግን እዚያ ነው።

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» ያለችኝ ልጅ ነበረች። ባሕር ዳር ተወልዳ እንዲህ ትላለች! የጣና ደንገል ደለሉን ይይዛል፣ ለዓሣው መጠለያ ይሆናል፣ ታንኳም ይሠራበታል። ሐይቁ ሲጎድል ደንገሉ ይመነጠርና ባሕር ሸሹ መሬት ይታረሳል። ገበሬውን አልወቅስም፤ መሬት ጠቦታል። ግን ውኃው ሲመለስ ደንገሉ መሄጃ ያጣል፤ ይሄም ያው የመሸሻ ጉዳይ ነው።

አምና ከዚህችው ልጅ ጋር በሐይቁ ዳር ስንሄድ አንድ አዛውንት እርሻቸው ላይ አገኘን። «ውኃው ሲሞላ የት ድረስ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በከዘራቸው ከኋላችን ያለችውን ዋርካ አሳዩን። ልጅቷ ስልኳ ላይ የጫነችው ካርታ ግን ውኃውን ከዋርካዋ ብዙ ርቆ፣ ሐይቁ አጠገብ ነበር ያቆመው። ስልኩን ኪሷ ከተተችና ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር፣ አባባ?»