ካርታና ኮምፓስ ይዞ ለምን ይጠፋል?

ወንድሜ፣ «1፡50,000 ካርታና ኮምፓስ ይዤ ገና መንገዱን ሳላጋምስ የት እንደቆምኩ ግራ ይገባኛል፤ ስልክ ሳልከፍት እንዴት ልወቀው?» ብለሃል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ካርታው ታጥፎ ቦርሳ ሲገባ ነው። ከመነሻህ ጀምሮ እጅህ ላይ ይሁን፣ አውራ ጣትህም ያለህበት ነጥብ ላይ ትረፍ። ወንዝ ወይም መገንጠያ ባለፍክ ቁጥር ጣትህን አስጠጋ። ወደ ደቡብ ስትሄድ ጽሑፉ ይገለበጥብሃል፤ ይገልበጥ! ለማንበብ ብለህ ካዞርከው ቀኙ ግራ ይሆንብሃል። የካርታው ሰሜን ሁልጊዜ መርፌው ወደሚያሳየው ይዙር።

ሰዓትህንም ተጠቀም። በዚህ ካርታ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያዝ፣ ለየ100 ሜትሩ ዳገት 10 ደቂቃ ጨምር። 200 ሜትር ዳገት ያለበት 3 ኪሎ ሜትር 36 ሲደመር 20፣ ማለትም 56 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰዓቱ በደንብ አልፎ የምትጠብቀው ወንዝ ካልመጣ ቁም። «ትንሽ ልሂድና ልየው» ነው ሰውን የሚያርቀው።

ከጠፋህ ደግሞ ካርታው ላይም መሬቱም ላይ የምታውቃቸው ሁለት ጉብታዎች ፈልግ። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ ቢጠጋ ጥሩ ነው፤ ከ30 ካነሰ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ አይለይም። የኮምፓሱን ቀስት ወደ አንደኛው አነጣጥር፣ የመርፌው ሰሜን ጫፍ ከሰሜን ምልክቱ እስኪገጥም ቀለበቱን አዙር፣ ቁጥሩን አንብብ። 70 ዲግሪ ነው እንበል። ካርታው ጠርዝ ላይ የተጻፈው የመግነጢሳዊ ሰሜን ልዩነት (መርፌው የሚያሳየው ሰሜን ከካርታው ሰሜን የሚርቅበት መጠን) 3 ዲግሪ ምሥራቅ ከሆነ ደምረው (ምዕራብ ቢሆን ትቀንሳለህ)፣ 73 ይሆናል። 180 ጨምርበት፤ ከጉብታው ተነስተህ በ253 ዲግሪ መስመር አስምር። ከ180 በላይ ካነበብክ 180 ትቀንሳለህ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርግ፤ መገናኛቸው ያለህበት ነው። መንገድ ወይም ወንዝ ዳር ከሆንክ አንድ ጉብታ ይበቃል።

ልዩነቱ የታተመው ካርታው በተሠራበት ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ስለሚቀየር የለውጡ መጠንም አብሮ ይጻፋል። ቀላል አይምሰልህ፤ 5 ዲግሪ ስህተት በ3 ኪሎ ሜትር ላይ 260 ሜትር ያህል ያስትሃል። የደረት ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ ማግኔት ያለው የቦርሳ መቆለፊያ፣ አጠገብህ የቆመ መኪና መርፌውን ይጎትቱታል። መርፌውን በተቃራኒው ጫፍ ማንበብ ደግሞ ቀጥታ ወደ ኋላ ይልክሃል፤ ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋን አይተህ አመሳክር።

የከፍታ መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት) ላይ ቪ ቅርጽ ስታይ ሹሉ ወደ ከፍተኛው መሬት ካመለከተ ሸለቆ፣ ወደ ዝቅተኛው ካመለከተ የተራራ ጀርባ ነው። በየ20 ሜትሩ በተሰመረ ካርታ ላይ 15 ሜትር ጉብታ ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ለማነጣጠር ትልልቆቹን ምረጥ። ካርታው የቆየ ከሆነ ከመንገዱ ይልቅ ተራራውንና ሸለቆውን እመን። መስመሮችህ ከወንዙ ማዶ ከተገናኙና ወንዝ ካልተሻገርክ ግን ስልኩን ከኪስህ አውጥተህ ራቅ አድርገህ አስቀምጥና ንባቡን ድገመው።