ስለ አዞ ጠይቁኝ፦ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና

ተወልጄ ያደግሁት ከደጀን ቁልቁል፣ አባይ በረሃ ነው። ኋላም ደቡብ ውስጥ በአንድ የአዞ እርባታ አሥራ አንድ ዓመት እንቁላል ስለቅምና ጫጩት ስመግብ ኖሬያለሁ። ስለ አዞ አስተዳደግ የሚታወቀውን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ሳይሆን በእጄ ይዤ ስላየሁት ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን፦ አባይ ዳር ያላችሁ ሰዎች በየቀኑ ከአንድ ቦታ ውኃ አትቅዱ። አዞ ሰዓታችሁንም መንገዳችሁንም ይለምዳል።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ አንዲት አዞ ስንት እንቁላል ትጥላለች?

መልስ፦ ከ25 እስከ 80፤ ብዙውን ጊዜ 50 ገደማ። ወንዙ ሲጎድል አሸዋው ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍራ ትቀብረውና ሦስት ወር ግድም ትጠብቀዋለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ እህል ውኃ የምትለው እምብዛም ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በምንድን ነው?

መልስ፦ ተባረክ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። አዞ የፆታ ክሮሞሶም የለውም። የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ወንዱ ይበዛል፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ ሴት፣ ከዚያ በላይ ከጋለም ሴት። ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው በአዞ አይደለም፤ ማድሊን ሻርኒየ የተባለች ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ሴኔጋል ውስጥ በእንሽላሊት እንቁላል ላይ ነው ያየችው። እኛ እርባታው ውስጥ ቴርሞሜትሩን እንቁላሉ መሀል ሰክተን ሌሊት ሳይቀር እየተነሳን እናይ ነበር። በአንድ ጉድጓድ እንኳ የላይኛውና የታችኛው ሙቀት አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ወንድም ሴትም ከአንድ ጎጆ ሊወጡ ይችላሉ። ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ ሲቆረጥ አሸዋው ይግላል፤ የወንድና የሴቱም ቁጥር አብሮ ይለወጣል። ይህ ያሳስበኛል።

ከሞጣ፦ እናትየው ልጆቿን ትበላለች ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሰት ነው። ይህ ወሬ የመጣው ጫጩቶቹን በአፏ ስታፍስ ያዩ ሰዎች ስላሉ ነው። ጊዜያቸው ሲደርስ ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሳሉ ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ የቡችላ ድምፅ ይመስላል፣ ግን አጭር ነው። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ሳጥኑን በጣቴ ቆርቆር ባደርገው አንዱ ጮኸ፣ ቀጥሎ ሁሉም። አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ቅርፊቱን የሚቀዱባት ትንሽ ሹል ነገር አለች። እናትየው ድምፁን ስትሰማ አሸዋውን በፊት እግሯ ትቆፍራለች። መውጣት ያቃተውን እንቁላል በምላሷና በላንቃዋ መካከል እያንከባለለች ቀስ ብላ ትሰነጥቀዋለች፤ ከዚያ በአፏ ይዛ ወደ ውኃ ትወስዳቸዋለች። ያ ላም የሚሰብር መንጋጋ! መንጋጋዋ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ንክኪን ከሰው ጣት ጫፍ ይበልጥ እንደሚለዩ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ታይቷል።

ከባሕር ዳር፦ እኔ ጣና ላይ አዞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዘጌ፦ አርጃኖ ነው ያየኸው ወንድሜ።

ከባሕር ዳር፦ አርጃኖና አዞ የማልለይ መሰለህ? ሁለት ሜትር ይሆናል!

ከዘጌ፦ አርጃኖስ ሁለት ሜትር አይሆንም?

ከዳንግላ፦ ከአዞ ይልቅ ጉማሬውን ፍሩ። ታንኳ ገልብጦ ስንቱን ጨርሷል።

መልስ፦ ጉማሬውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ጣና ውስጥ አዞ የለም። አዞው ያለው ከጢስ እሳት ፏፏቴ በታች ነው፤ 40 ሜትር ገደማ የሚሆን ገደል ደግሞ አዞ አይወጣም። የዘጌው ልጅ ልክ ነው። አርጃኖን ካነሳችሁ አይቀር የአዞ እንቁላል ዋነኛ ሌባ እሱ ነው፤ እናትየው ለጥቂት ጊዜ ዞር ካለች ቆፍሮ ይጨርሰዋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ አዞ አደገኛ ነው?

መልስ፦ የትኛው? ሲፈለፈል 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሽመላ ይውጠዋል። አስተካክለህ ጠይቅ። ስለ ትልቁ ከሆነ ከላይ አስጠንቅቄያለሁ፦ ከአንድ ቦታ በየቀኑ አትቅዱ።

ከቡሬ፦ እንቁላሉ ስንት ነው?

መልስ፦ ለቢቸናው ሰው መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። በምናብ አገር ከእንቁላል የሚፈለፈል ክንፋም ዘንዶ አለኝ። ከልጅነቱ እስከ ጉልምስናው እንዴት ላሳድገው?

መልስ፦ እሳት እየተፋ አትውለደው ልጄ። አዞን ተመልከት። መጀመሪያ የሚበላው ፌንጣና ጥንዚዛ ነው፤ ከዚያ እንቁራሪት፣ ከዚያ ዓሣ፤ ትልቅ እንስሳ የሚይዘው ዓመታት ቆይቶ ነው። እናቱ የምትጠብቀው ለሳምንታት ወይም ለወራት ነው። ከዚያ በኋላ ትልቅ አዞ ራሱ ይበላዋል፤ ስለዚህ ትንንሾቹ ሣርና ቄጠማ ውስጥ ተሸሽገው ያድጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወንዱ ለመራባት ሦስት ሜትር ገደማ መድረስ አለበት፤ ያ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ከመቶ ጫጩት ለዚህ የሚበቃው በጣት የሚቆጠር ነው። ዘንዶህም ወንድሞቹ ሲበሉ ሣር ውስጥ ተኝቶ ይይ። ሲያድግ ለምን ዝም ብሎ እንደሚያደባ አንባቢህ ያኔ ይገባዋል። ክንፉን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ስለ ክንፍ የምለው የለኝም።

ከእንጅባራ፦ «የአዞ እንባ» የሚባለውስ?

መልስ፦ እሱን የቋንቋ መምህር ጠይቁ።

ከደጀን ቆላ፦ አያ፣ ቦታ ቀይሩ ትላለህ፤ እኛ ዘንድ ግን ግራና ቀኙ ገደል ነው። ውኃው የሚገኘው ከአንዲት ድንጋይ ሥር ብቻ ነው። ልጆቼ ናቸው የሚቀዱት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ለብቻቸው አትላኪያቸው። ጎህ ሳይቀድም ወይም ሲመሽ አይውረዱ፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሁን። ጀሪካኑን ረጅም ገመድ እሰሪበትና ከድንጋዩ በላይ ቆመው ይወርውሩት፤ እጃቸው ውኃ አይንካ፣ ጎንበስም አይበሉ። አንዱ ሲቀዳ አንዱ ውኃውን ብቻ ይይ። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ድንጋዩ ፊት ለፊት ውኃው ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ የእንጨት አጥር ትከሉ፤ ክረምት ሲወስደው እንደገና ትከሉት። ገመዱን ግን ዛሬውኑ እሰሪ።