ዓይኗን ትቶ ዓይነ ርግቧን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ ሠርግ እያነሳሁ የምተዳደር ፎቶ አንሺ ነኝ። ካሜራዬ ያገለገለ የገዛሁት ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ነው፤ ሌንሱ 85 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው እስከ 1.4 የሚከፈት። ቤት ውስጥ እህቴን ሳነሳ ዓይን እየፈለገ ፎከስ ማድረጉ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ባለፈው ሠርግ ግን ካሜራው ፎከስ ያደረገበትን የምታሳየው አረንጓዴዋ ሳጥን ሙሽራዋ ዓይን ላይ ተቀምጣ እያየኋት ያነሳሁት ሁሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግማሹ ብዥ ብሎ አገኘሁት። ጠጋኝ ዘንድ ብወስደው “ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ይቀየር” አለኝ። አራት ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለጠጋኙ አንዲት ብር እንዳትከፍዪ። እህትሽን አጥርቶ የሚያነሳ ሴንሰር ሙሽራ ሲያይ አይበላሽም።

አራቱን ፎቶዎች አጉልቼ አየኋቸው። አንቺም ከእንግዲህ “ብዥ ብሏል” ብለሽ ፎቶ አትጣይ፤ መጀመሪያ የጠራው የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጊ። የጠራው ቦታ ጥፋተኛውን ያሳብቃል።

የመጀመሪያው ላይ ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን ፊቷ ላይ ጥላለች። ቅንድቧ ብዥ ያለ ነው፤ የመረቡ ክር ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጫፉ ላይ የተሰፋችው ዶቃ እንኳ ታብረቀርቃለች። ይህ የሆነው ካሜራው ሁለት የተለያየ ሥራ ስለሚሠራ ነው። አንደኛው ምስሉን አይቶ “ይህ ዓይን ነው” ማለት ነው፤ ይህን በመረቡም አሻግሮ ይችላል፣ በስስ መጋረጃ በኩል ሰው እንደምንለይ። ሁለተኛው ርቀት መለካት ነው፤ ለዚህ ካሜራሽ ሴንሰሩ ላይ 693 ነጥቦች አሉት። ነጥቦቹ ደግሞ የሚወዱት ጥርት ያለ ጠርዝ ያለውን ነገር ነው፤ ነጭ ክር ከጥቁር ቆዳ ፊት ለፊት ሲያገኙ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ሳጥኗ ዓይኗ ላይ ትቀመጣለች፣ ርቀቱ የሚለካው ግን የዓይነ ርግቡ ነው። የሚገለጥ ከሆነ አስገልጪው። “አይገለጥም” ካሉሽ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 4 ዝጊው (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ከፊት እስከ ኋላ 13 ሴንቲሜትር ያህል የሚጠራ ጥልቀት ይሰጥሻል፣ መረቡም ዓይኗም አብረው ይገባሉ። ወይም ደግሞ ምስሉን አጉልተሽ ሌንሱን በእጅሽ እያዞርሽ አጥሪ። እኛ ድሮ በፊልም ስናነሳ ሌላ መንገድ አልነበረንም፤ ሙሽሮቹም ተድረው ወልደዋል።

ሁለተኛው ላይ ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። ወደ አንቺ የቀረበው ዓይኗ ብዥ ብሎ የራቀው ጠርቷል። 1.4 ላይ፣ በሁለት ሜትር ርቀት የሚጠራው ጥልቀት በድምሩ አራት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ያውም ግማሹ ከፊት ግማሹ ከኋላ። ፊቷን በ45 ዲግሪ ስታዞር አንዱ ዓይን ከሌላው ወደዚያው አራት ሴንቲሜትር ተኩል ይርቃል። ስለዚህ ሁለቱም አይጠሩም፣ ካሜራው አንዱን መምረጥ አለበት፤ ምርጫውን ለእሱ አትተዪለት። ማስተካከያው ውስጥ ቀኝ ወይም ግራ ዓይን ብለሽ መወሰን ትችያለሽ፤ ቀኝ የሚለው የሙሽራዋን ቀኝ ነው፣ ለአንቺ በግራ በኩል የሚታይሽን። 2.8 ላይ ብትሠሪ ደግሞ ጥልቀቱ ወደ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ያድጋል፤ ሠርግ ላይ 1.4ን የሙጥኝ ማለት የሌንሱን ዋጋ ለማስመለስ ካልሆነ በቀር አይታየኝም።

ሦስተኛው ላይ የጠራ ነገር የለም፤ መብራቶቹ ራሳቸው መስመር ሆነዋል። እስክስታው ደምቋል፣ ሹተርሽ ደግሞ 1/80 ሰከንድ ያህል ተከፍቶ ይቆያል። ይህ የፎከስ ጥፋት አይደለም። 1/500 አድርጊና አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጊ፤ ፎቶው ትንሽ ቢሻክር ማንም አይከስሽም። አራተኛው ላይ የጠራችው ከኋላ ያለችው ሚዜ ናት። ካሜራው ፎከስ የሚፈልግበትን ቦታ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ቀይሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፎቶዎቹ መረጃ እንዳየሁት ኤኤፍ-ኤስ ላይ ነሽ። ያ አንዴ ፎከስ አድርጎ ይቆልፋል፤ ሙሽራዋ ለመሳቅ ሦስት ሴንቲሜትር ጎንበስ ካለች አለቀ። ሳያቋርጥ እየተከተለ ፎከስ የሚያደርገውን ኤኤፍ-ሲ አድርጊው። ያገለገለ ካሜራ ስለሆነም ሶፍትዌሩን ተመልከቺ። በሚያዝያ 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው 3.0 ከሌለው፣ ዓይን የሚፈልገው ለብቻ የተመደበ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ነው።

እኔም ከዚህ የባሰ ደርሶብኛል። አንድ ቅዳሜ ሹር ግቢያችን የታሰረውን በግ ለሙከራ ላነሳ ብዬ ማስተካከያውን ከ“ሰው” ወደ “እንስሳ” አዞርኩ። በጉንም በቅጡ አላወቀው። በጉ ታረደ፣ ማስተካከያው ግን እንስሳ ላይ ቀረ። ለዳግማይ ትንሣኤ የእህቴን ልጅ ስንድር ካሜራው የማንንም ሰው ዓይን አላውቅም አለኝ። ሌንሱን ስወለውል ነው ግማሽ ቀን የፈጀሁት።

ጥያቄ፦ እኔም ያው ካሜራ አለኝ። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳ የተባለውን ትልቅ ወፍ ሳነሳ “እንስሳ” ላይ ባደርገውም ዓይኑን አያገኝልኝም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ያንተ ካሜራ “እንስሳ” ሲል በዋናነት ውሻና ድመት ማለቱ ነው። ሶኒ የወፍ ዓይን መለየት የጀመረው በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው አልፋ 1 ነው። አንዲት ትንሽ የፎከስ ነጥብ መርጠህ ምንቃሩ ከፊቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ አድርግ። ጠዋት ዓሣ ሲበለት ሂድ፤ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርለት ድረስ እንደ ዘበኛ ተገትሮ ስለሚጠብቅ ለማነጣጠር ጊዜ አታጣም።