ካፕሱሉ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት አለበት። መጠጡን ፈጽሞ ትቷል፤ ሲጋራውን ግን አልተወም። ምግብ እንዲፈጭለት የታዘዘለትን የኢንዛይም ካፕሱል የሚውጠው በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ነው። ሆኖም እየከሳ ነው፤ ሰገራውም ቅባት ስላለው ውኃ ሲለቀቅበት አይወርድም። እኔም ቅቤና ዘይት ከወጡ አስቀርቻለሁ። አሁን ደግሞ ካፕሱሉ ከአሳማ እንደሚሠራ ሰምቶ «አልወስድም» ይላል። ምን ይሻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እንደ ጻፉልን ከሆነ ችግሩ ከመድኃኒቱ ይልቅ አወሳሰዱ ላይ ያለ ይመስለናል። ኢንዛይሙ የሚሠራው ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አንጀት ሲወርድ ስለሆነ፣ ካፕሱሉ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር፣ ከአንድ በላይ ከሆነም ከፊሉ በማዕዱ መካከል፣ ሳይታኘክ፣ በትኩስ ሻይ ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ መዋጥ አለበት። ለአዋቂ ሰው መነሻው ብዙውን ጊዜ ለዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000 የሊፔዝ (ቅባት የሚፈጨው ኢንዛይም) ዩኒት፣ ለመክሰስ የዚያ ግማሽ ነው፤ የባለቤትዎን መጠን ግን ሐኪሙ ይወስናል። በእኛ ቤት የሚዘነጋው መክሰሱ ነው፤ ማኪያቶውም፣ ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ዳቦም፣ ዘይት ያለበት የጾም ሽሮም ኢንዛይም ይፈልጋሉ።

ቅባትን ጨርሶ መከልከል የቆየ ምክር ነው፤ እየከሳ ያለን ሰው ይብሱን ይጎዳዋል። ምግቡን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ያቅርቡለት። ካፕሱሉን በአግባቡ ወስዶም ሰገራው ካልተስተካከለ፣ ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምር ወይም የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሊያክልበት ይችላል።

ካፕሱሉ ከአሳማ ቆሽት እንደሚሠራ የሰማው እውነት ነው፤ በፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት ከዕፅዋት የተሠሩ ኢንዛይሞችም አይተኩትም። አሳማ በማይበላባቸው ሃይማኖቶች ውስጥ፣ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሕመምተኛ የሚፈቅዱ መምህራን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ መድኃኒቱን በዝምታ ከማቋረጡ በፊት የሃይማኖት አባቱን ይጠይቅ፣ ለሐኪሙም በግልጽ ይንገር።

ሲጋራው ግን መደራደሪያ የለውም። ማጨስ ከመጠጥ ተለይቶ በራሱ በሽታውን ያፋጥናል፤ የቆሽት ካንሰር ሥጋትንም ይጨምራል። መጠጡን ለመተው የቻለ ሰው ሲጋራውንም ለማቆም በኒኮቲን ፕላስተርና በሐኪም ክትትል ቢታገዝ መልካም ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የደም ስኳሩ፣ የቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ መጠኑ እንዲሁም የአጥንቱ ጥንካሬ እንዲመረመር ይጠይቁ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ካፕሱሉን በትክክል እየወሰደም መክሳቱ ከቀጠለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት።